መኪናዋ ሞጆን አልፋ መንቀጥቀጥ ስትጀምር

የዛሬ ሳምንት ጠዋት ነው... ሞጆን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር መኪናዋን ትን አላት። ቤንዚን ስሰጣት ቆይታ ትሰማኛለች፣ ከዚያ ትዘላለች፣ ከዚያ ደግሞ መላ አካላቷ ይንቀጠቀጣል።

ጭነቱ ጨው ወይም ቡና ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ከኋላ የተኛው ግን ጌታነህ ነው፣ አዳማ ባቡር ጣቢያ ጭነት የሚመዝነው። ሆዱን ከታመመ አራተኛ ቀኑ ነበር፤ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ደርሶ ካልተቀደደ አይተርፍም ተብሏል። ባቡር ደግሞ እስከ ሐሙስ የለም። የምነዳላቸው ነጋዴ ይህን ሲሰሙ «በል በኔ መኪና አድርሰው» አሉኝ። እናቱ እትዬ በላይነሽ ራሱን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ተቀመጡና ተነሳን።

እኔ ድሬዳዋ አንድ አርመን ዘንድ ሦስት ዓመት ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። አዳማ ውስጥ መኪና የሚነዳ በጣት ይቆጠራል፤ ሞተር ከፍቶ የሚያይ ደግሞ ከኔ በቀር የለም፤ ይህንንም ላልጠየቀኝ ሰው ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ። ስለዚህ አልደነገጥኩም። አርመኑ እንዳስተማረኝ መጀመሪያ እሳቱን፣ ቀጥሎ ነዳጁን አያለሁ ብዬ መንገድ ዳር አቆምኩ።

እሳት የሚጭሩትን አራቱን ካንዴላ ፈትቼ በቢላ ጫፍ ፋቅኳቸውና ገጠምኳቸው። ማስነሻውን ማኒቬላ ባዞር ተነሳች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ደህና ናቸው። እንደገና አስነሳሁ፤ እንደገና ጠፋች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጌታነህ መጀመሪያ ያቃስት ነበር፤ ኋላ እሱንም ተወው። እትዬ በላይነሽ በነጠላቸው ያራግቡታል እንጂ አንዴም «ቶሎ በል» አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በላይ ካባከንኩ በኋላ ካርቡራቶሩን ፈታሁ። ውስጡ የቀረችውን ቤንዚን መዳፌ ላይ ብገለብጣት... ከሥሯ እንክብል እንክብል እያለ የሚንሸራተት ነገር አለ። ውሃ ነው። ደሜ ፈላ። ቤንዚኑን በቆርቆሮ የሸጠልንን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩት። ይሄ ሌባ ውሃ ቀላቅሎ ሸጠልን ብዬ ጮህኩ።

«ሰውየውን አትርገመው ልጄ» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ውሃ አይደለም፤ ጠበል ነው።»

መዳፌ ላይ ያለውን እንደገና አየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ልንነሳ ስንል ለልጃቸው ካመጡት ጠበል ሞተሩም ላይ ሊረጩ ተጠግተው ነበር። ሽቦው ይረጥብብኛል ብዬ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ... አከላከሌም ደግ አልነበረም። ከዚያ ጌታነህን ተሸክመን ልናወጣ ወደ ቤት ገባሁ። የቤንዚን መያዣዋን ሳልከድናት ነበር የሄድኩት።

«መርጨቱን ከለከልከኝ። ጠበል የሚጠጣም አይደል? ቤንዚን ባፈሰስክበት በኩል አጠጣኋት። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ልጄን የምታደርስልኝ እሷ ናት።»

ልጮህባቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ውሃ ከቤንዚን እንደሚከብድ፣ ሥር ተኝቶ ቆይቶ ዳገት ላይ ወደ ሞተሩ እንደሚሄድ እሳቸው በምን ይወቁት? እኔም ያወቅሁት አርመኑ ጆሮዬን ቆንጥጦኝ ነው።  ከመያዣዋ ሥር ያለውን ብሎን ፈትቼ ጥርት ያለ ቤንዚን እስኪመጣ ድረስ መሬት ላይ አፈሰስኩት። እሳቸው የሚፈሰውን ያያሉ።

ከዚያ በኋላማ ምን ትሆናለች፤ እንደ ወፍ በረረች። ቢሾፍቱን አለፍን። ዱከም ልንገባ ስንል ከኋላ «አቁም» አሉኝ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር። ዘወር ስል የጌታነህን ዓይን በእጃቸው እየከደኑ ነው።

አላለቀሱም፣ ደረታቸውንም አልደቁም። ቀና አሉና አዩኝ።

«እውነቱን ንገረኝ። ያቆማት ያጠጣኋት ነው?»

«የለም እትዬ» አልኩ። «ካንዴላዎቹ አርጅተው ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልቀይራቸው መንገድ የወጣሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እንዲህ በቀላሉ የወጣልኝ ውሸት በዕድሜዬ የለም። እሳቸውም አመኑኝ። «እግዜር ይይልኝ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ ነው እንባቸው የመጣው። መኪናዋን አዙሬ ወደ አዳማ ተመለስን።

በሣልስቱ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ፈቀቅ ብሎ ቦታ የሰጠኝ የለም። በስንፍናው ሰው ያስገደለው ይሄ ነው ሲባባሉ ሰማሁ። ነጋዴውም መኪናዋን ለሌላ ሰጧት። ያንገበግበኛል... ብዙ ጊዜ ሄጄ ሁሉንም ልዘረግፈው ይቃጣኛል። ፈጥነን ብንደርስስ ይድን ነበር? እሱንም አላውቅም።

ብቻ እኔን ይርገሙኝ... ራሳቸውን ከሚረግሙ።