ሦስተኛው ጥሪ

ባለፈው ቅዳሜ ከዋጫ ወደ ቦንጋ በሚኒባስ ስመጣ ሹፌሩ ስልኩን ከመኪናው ስፒከር ጋር አገናኝቶ አስፈሪ ታሪክ ከፈተልን። ተራኪው ድምፁን አወፍሮ፣ ከኋላው የጅብ ጩኸትና የበር ሲጥሲጥታ አስገብቶ፣ «ይህ በካፋ ጫካ ውስጥ የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ነው» አለ። ጉም በወረደ ቁጥር አንዲት ጸጉረ ጨብራራ ሴት ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች የልጆችን ስም ትጠራለች። ሦስት ጊዜ መጥራት የሚችለው የሰው ልጅ ብቻ ስለሆነ፣ ሦስተኛውን ሳይሰማ «አቤት» ያለ ልጅ ወደ ቤቱ አይመለስም። አጠገቤ የተቀመጠችው ትንሽ ልጅ ክንዴ ላይ ልጥፍ አለች። እናቷ ከፊት ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ከእግሬ ሥር የአንድ ነጋዴ ከረጢት ነበር፤ ከውስጡ የኮረሪማ ሽታ ይወጣል። ሽታውና ታሪኩ አንድ ላይ ሲመጡብኝ የልጅነት ሰፈሬ ትዝ አለኝ። «ወይ እትዬ አሰገደች» አልኩ በልቤ፣ «ጭራሽ ዛፍ ለዛፍ ያዘልሉዎት ጀመር?»

እትዬ አሰገደች በልጅነቴ ጎረቤታችን ነበሩ። ከቦንጋ በታች መንገዱ አልቆ ቡናው የሚጀምርበት ቦታ ላይ የመጨረሻው ቤት የእሳቸው ነው፤ ከእሳቸው ወዲያ ጫካ ብቻ። ቀይ እሸት ኮረሪማ ከለቃሚዎች ይገዙና እሳት ላይ በተሠራ ቆጥ ያደርቁታል። ከዚያ በወፍራም መርፌ እየወጉ በእንሰት ቃጫ ሰክተው፣ እንደ ዶቃ አንገታቸው ላይ ደርድረው ገበያ ይወጣሉ። ከሳቸው በፊት ሽታቸው ይደርሳል። ባላቸው ትተዋቸው ወደ ቢታ ገነት ከሄዱ ቆይተዋል፤ ልጅም ዘመድም ሲገባ ሲወጣ አይታይም። ቤታቸው ውስጥ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሬዲዮ የሌለው ቤት ጥቂት ነውና አንድ ቀን፣ አፌ መቼም አያርፍ፣ «እትዬ፣ ሬዲዮ ለምን አይገዙም?» አልኳቸው።

«ጆሮዬን ይይዝብኛል» አሉኝ።

ጆሮ ለምን እንደሚያስፈልጋቸው አልገባኝም ነበር። የገባኝ ሌላ ነገር ነው፤ ጉም ሲወርድ በር ላይ ይቆሙና አንዳችንን በስም ይጠራሉ። «ዘውዴ!» ይላሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ዘውዴ እኔ ነኝ። እናቶቻችን ደግሞ ጡት ካስጣሉን ጀምሮ የሚያስጠነቅቁን አንድ ሕግ አለ፤ የማታዩት ሰው ሲጠራችሁ ሦስተኛውን ሳትሰሙ «አቤት» እንዳትሉ፣ ክፉው ነገር ከሁለት በላይ መጥራት አይችልም። ስለዚህ በጉም የተጠራ ልጅ ትንፋሹን ውጦ በጣቱ ይቆጥራል። እናት ሦስተኛውን ስትጠራ «አቤት!» ብሎ ይበራል። እትዬ አሰገደች ግን የሚጠሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ ጠርተው፣ ትንሽ ቆመው፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ይገባሉ። እንግዲህ አንዴ ብቻ የሚጠራ ፍጡር ምን ሊሆን ነው? ልጆቹ ሁሉ ተስማማን፤ በፀሐይ እትዬ አሰገደች ናቸው፣ በጉም ጠሪዋ!

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዝናብ ያዘንና እሳቸው ቤት ገባን። ፀሐይ ባይኖርም ጉም አልነበረም፤ ደግሞ እሸት በቆሎ ይጠብሱልናል። ከእኛ ከፍ የምትለው ብርቄ ኮንጎ ጫማዋን እሳቱ አጠገብ አስጥታ የጠሪዋን ታሪክ ጀመረችልን። ብርቄ ስታወራ ዓይኗን ታፈጣለች፤ ጸጉሩ፣ ጥፍሩ፣ የተቀደደው ነጠላ፣ ምኑ ቅጡ! የቤቱ ባለቤት እዚያው ቁጭ ብለው ኮረሪማ እየሰኩ መሆኑን ረስተናል።

«የተጠራው ልጅስ ምን ሆነ?» አሉ ድንገት ከጥጉ።

ብርቄ ደነገጠች፤ ግን ታሪክ ጀምራ የምትተው ልጅ አይደለችም። «በላችው» አለች። «አጥንቱ ብቻ ተገኘ።»

እትዬ መርፌውን አስቀመጡ። «አልበላችውም» አሉ። «ምትኩ ይባላል። ልጄ ነው።»

በቆሎው በአፋችን ቀረ።

ምትኩን ይዘው ኮረሪማ ለቀማ ጫካ ገብተው ነበር አሉ። ጉም ወረደባቸው። አንዴ ጠሩት፣ ዝም። ደግመው ጠሩት፣ ዝም። ወደ ወንዙ የወረደ መሰላቸውና ሦስተኛ ሳይጠሩ ወደዚያ ሮጡ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ፤ ከዚያ የሚሰማ ልጅ አልነበረም። በማግስቱ ማር ቆራጮች ዛፍ ጎሬ ውስጥ ተኮራምቶ አገኙት፤ መጀመሪያ ቆመው ከጠሩበት ቦታ ሩቅ አልነበረም። ብርዱ ሳንባው ገብቷል።

«‹እማ፣ ሰምቼሽ ነበር› አለኝ። ‹ሦስተኛውን ስትጠሪኝ አቤት ልልሽ ነበር› አለኝ። ሳምንትም አልቆየልኝ።»

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። እትዬ ግን የምትኩን አንገት አላስረዘሙትም። ስኳር ይሰርቅ ነበር፤ ይዋሽ ነበር፤ ውሃ ቅዳ ሲሉት ኳስ ሜዳ ይገኝ ነበር። «ያልኩትን ሰምቶ የማያውቅ ልጅ» አሉ፣ «ያቺን አንዷን ሰማኝ።»

ከዚያ እያንዳንዳችንን አዩን። «እባካችሁ፣ አንዴ ሲጠሯችሁ አቤት በሉ። አንድ ልጅ አንዴ ስጠራው አቤት ሲለኝ ብሰማ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ደረሰ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ አጥሩ ጋ ሄደች። «እትዬ አሰገደች፣ አፈር ስሆን፣ ኀዘንዎን አውቃለሁ። ግን ልጄን እንዲህ ያለ ነገር አያስለምዱብኝ። ክፉውን እፈራለሁ።»

«እኔም ልጄን ሕጉን ያስተማርኩት ፈርቼ ነው» አሏት።

 እናቴ እጄን ይዛ ቤት አስገባችኝ፣ ሕጉንም እንደ አዲስ አስደገመችኝ። የሌሎቹም እናቶች እንደዚያው። እትዬ አሰገደች ጉም በወረደ ቁጥር በር ላይ መቆማቸውን፣ አንዴ መጥራታቸውን አልተዉም። ሰፈሩ በልጅ የተሞላ ነበር፤ አንድ የሚመልስላቸው አልነበረም። 

ክረምቱ ሳይወጣ ጥጃ ጠፋብንና በእትዬ አሰገደች በር አልፌ ወደ ቡናው ወረድኩ። የጥጃው ኮቴ ላይ ዓይኔን ተክዬ ስሄድ ቡናው አልቆ ጫካ ሆነ፤ ዘወር ስል ጉሙ ከኋላዬ ዘግቶታል። ጉሬዛዎቹ እንኳ ጸጥ ብለዋል። አንዱ ኮንጎ ጫማዬን ጭቃው ጎርሶ አስቀረው። ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ አለቀስኩ። ጨለምለም ማለት ሲጀምር ከታች በኩል፣ ሰው ይመጣል ብዬ ከማላስበው ወገን፣ ድምፅ ሰማሁ።

«ዘውዴ!»

እጄ ሳላዘው አንድ ጣት አጠፈ። ጠበቅኩ። ሁለተኛው አልመጣም። እትዬ ከሆኑ አይደግሙም፤ ጠሪዋም ከሆነች አንዴ ነው የምትጠራው ብለናል። እናቴ ትዝ አለችኝ፣ የብርቄ ዓይን ትዝ አለኝ። ከዚያ ግን ምትኩ ትዝ አለኝ፤ ጎሬው ውስጥ ተኮራምቶ፣ ጣቱን አጥፎ፣ ሦስተኛውን ሲጠብቅ።

«አቤት!» አልኩ። «አቤት! አቤት! አቤት!» ማቆም አቃተኝ።

ቅጠሉ ተንኮሻኮሸና ከጉሙ ውስጥ ወጡ። በባዶ እግራቸው ናቸው፤ ሻሻቸው ወልቆ ጸጉራቸው ተበትኗል፤ ነጠላቸውን እሾህ ቀዶታል። አንድ ሳይቀር ብርቄ እንዳወራችው! የኮረሪማ ሽታቸው ባይደርስልኝ በድንጋጤ እሞት ነበር። አላቀፉኝም፣ አልተቆጡኝም። እርጥቡ መሬት ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡና እያለቀሱ፣ «ይኸው እኮ ነው! ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም» አሉ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በካፊኖኖ፣ ለእኔ ይሁን ለምትኩ እንጃ።

እናቴ ስንደርስ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ሕጉን ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳችውም።

እትዬ አሰገደች እኔ የመምህራን ኮሌጅ ሳለሁ ሞቱ። ቤታቸው ፈርሶ ዛሬ የሞባይል ጥገና ቤት ሆኗል፤ ሙዚቃው ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። ፎቶ የላቸውም። የቀረው ታሪኩ ነው፣ እሱም እንዳያችሁት ጥፍር አውጥቶ በየሚኒባሱ ይዞራል። እኔ ጋ የቀረው አመል ነው። ስሜን የጠራ ሰው ሳይጨርሰው «አቤት!» እላለሁ፤ መምህራኑ «ወታደር» እያሉ ይሳለቁብኛል። ግን ስሜን የሚጠራውም አነሰ። እናቴ ካረፈች ወዲህ በዋጫ ብቻዬን ነኝ፤ ተማሪው «ቲቸር» ነው የሚለኝ፣ አከራዬም ግድግዳውን ነው የሚያንኳኩት።

ቦንጋ ስንደርስ መናኸሪያው ጉም በጉም ሆኗል። የልጅቷ እናት ዕቃቸውን ከላይ ለማስወረድ ቀድመው ወረዱ። ሰውና ባጃጅ ተደበላልቆ ወዲያው ከዓይን ጠፉ።

«ማህሌት!» የሚል ድምፅ ከወዲያ መጣ።

ልጅቷ ክንዴን እንደያዘች ዝም አለች። ቁልቁል ሳያት አንድ ጣቷን አጥፋለች።

«አቤት በያት» አልኳት።

«ገና ሁለት ይቀራታል።»

«አይቀራትም፣ የኔ ልጅ። አንዴ ይበቃል።»

ሽቅብ አየችኝ። ያመነችኝ አልመሰለኝም ነበር። ከዚያ ግን ያን ትንሽ ደረቷን ሞልታ፣ «አቤት!» ብላ ጮኸች።

«የት ቀረሽ አንቺ? ነይ!» አሉ እናቷ፣ ጉሙን ጥሰው ሲመጡ። እጇን ይዘዋት ሄዱ።

ቦርሳዬን አንስቼ ወረድኩ። እኔን የሚጠራኝ አልነበረም። ቢሆንም እዚያው ቆሜ ትንሽ አዳመጥኩ።