ከፈተናው በኋላ የተባለ መርዶ

ምንዳዬ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ካሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የተማሪዎች አማካሪ ሆና ስትመደብ የተሰጣት ክፍል ቀድሞ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ የሚሰበሰብበት ነበር። ቦታ ስለጠፋ ነው እንጂ ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም። ተማሪው ግን ያንን በር የሚያውቀው «ወላጅ አምጣ» የሚባልበት በር አድርጎ ስለሆነ መጀመሪያ ሰሞን ዝር የሚል ጠፋ። በመጨረሻ ራሷ ያስጠራቻት አንዲት ልጅ ገና ሳትቀመጥ «ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ምኑን እንዳልሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሌላው ችግር ደግሞ አስተዳደጋችን ነው። የመንዝ ልጅ ታላቁን ዓይን ለዓይን እያየ አይናገርም፤ ነውር ነው። ምንዳዬ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ስትማር ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሽ አዳምጪው ተብላ ነው የተማረችው። እሷ እነሱን ታያለች፣ እነሱ ወለሉን ያያሉ። «ምንም አልሆንኩም» ከማለት ሌላ ቃል ሳይወጣቸው ደወል ይደወላል።

መላውን ያገኘችው ሳታስበው ነው። ባና ለሚባለው ወፍራም የሱፍ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር ከገበያ ገዝታ ቢሮዋ ጥግ አስቀምጣው ሳለ፣ አንዲት ተማሪ እጇ ሥራ ቢፈታባት ጊዜ ከኬሻው መዘዝ አድርጋ ታባዝተው ጀመር። በጣቷ እየፈለቀቀች፣ ጉድፉን እየለቀመች፣ ዓይኗን ጠጉሩ ላይ እንደተከለች ያልተጠየቀችውን ሁሉ ተናገረች። ከዚያ ወዲህ ከምንዳዬ ቢሮ የጠጉር ኬሻ ጠፍቶ አያውቅም። ርእሰ መምህሩ አቶ ታዲዮስ አንድ ቀን ብቅ ብለው ተማሪዎች ከበው ሲያባዝቱ አዩና «መምህርት፣ ይሄ የምክር አገልግሎት ነው ወይስ የባና ማኅበር?» አሏት።

«ሁለቱም ነው። ባናው ሲያልቅ ለእርስዎ ነው» አለቻቸው።

ስቀው ሄዱ። ትምህርት ሊያቋርጡ ጫፍ ደርሰው የነበሩ ልጆች ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ በዓይናቸው እያዩ ስለነበር ነገሩን ዳግመኛ አላነሱባትም።

ጌታነሽ አፈወርቅ ወደዚህች ክፍል የመጣችው የፈተና ፍርሃት አላስቀምጥ ሲላት ነው። ከጓሳ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች፣ ስንቋን አባቷ በገበያ ቀን በፈረስ ጭነው ያመጡላታል። የፈተና ወረቀት ፊቷ ሲቀመጥ የምታውቀው ሁሉ ብን ይልባት ነበር። ከምንዳዬ ጋር ብዙ ጠጉር አባዘቱ። እያደር ፍርሃቱ ለቀቃት፣ ውጤቷም ቀና። ምንዳዬ መጀመሪያውኑ «እዚህ ክፍል ውስጥ አልዋሽሽም። የማልነግርሽ ነገር ቢኖር እንኳ አልነግርሽም እልሻለሁ» ብላት ነበርና ልጅቷ በዚያች ቃል ትተማመን ነበር።

አገር አቀፉ ፈተና ሲቃረብ የጌታነሽ አባት አቶ አፈወርቅ ታመው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉና አገራቸው ተወስደው ተቀበሩ። ልጃቸው አልሰማችም። ከቀብሩ ማግስት አጎቷ ጋሽ መኳንንት ትምህርት ቤት መጥተው ርእሰ መምህሩንና ምንዳዬን ለብቻቸው አነጋገሩ።

«አደራችሁን እንዳትሰማ» አሉ። «ፈተናዋን ትጨርስና እናረዳታለን። ወንድሜ ይቺ ልጅ ተምራ ማየት ነበር ምኞቱ። ይሄን ሰምታ ብትወድቅ አጥንቱ ይወቅሰኛል።»

አቶ ታዲዮስ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። በእኛ አገር የታወቀ ነው፤ ተማሪ ፈተና ካለበት፣ ሰው መንገድ ላይ ከሆነ፣ ሴት ነፍሰ ጡር ከሆነች መርዶ ይቆያል። ክፋት የለበትም፣ አዝነውለት ነው። ምንዳዬም ዝም አለች፤ ዝምታዋም እንደ እሺታ ተቆጠረላት።

ግን ጌታነሽ መጣች። ኬሻው አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ሳትሰድ «ቲቸር፣ ደብረ ብርሃን ሄጄ አባቴን አይቼው ልምጣ?» አለች። «አጎቴ ተሽሎታል ይላሉ። ሄጄ ልየው ስል ግን ይቆጡኛል።»

ምንዳዬ ጨነቃት። ተሽሎታል ብትል ልጅቷ ለጊዜው እፎይ ትላለች፣ ከፈተናው በኋላ ግን ይችን ክፍልም እሷንም ዳግመኛ አታምንም። ሞተዋል ብትል ደግሞ የአባትን መርዶ በቢሮ ወንበር ላይ፣ ያለ ዘመድ፣ ያለ ሽማግሌ መንገር ግፍ ነው።

«እኔ አልመልስልሽም ጌታነሽ» አለቻት። «ሊመልሱልሽ የሚገባቸውን ሰዎች ግን አናግራለሁ።»

ጌታነሽ ቀና ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ከዚያም ተነሥታ ወጣች።

ምንዳዬ የገበያ ቀን እስኪደርስ ጠብቃ ጋሽ መኳንንትን በግ ተራ ውስጥ አገኘቻቸው። ጌታነሽ መርዶውን መስማት አለባት አለቻቸው።

«ምን ነካሽ መምህርት? ልጅቷን ከፈተና ልታስቀሪያት ነው?»

«አሁንስ መቼ አጠናች ጋሼ? እንቅልፍ የላት፣ ቀለም አይገባት፣ ፈዛ ነው የምትውል። የሆነ ነገር እንዳለ ገብቷታል፤ ምን እንደሆነ ብቻዋን ስታወጣና ስታወርድ ነው የምታድር።»

«ወጉ ነው እንግዲህ። እኛ አላመጣነውም።»

«እኔንም በወጉ ደብቀውኛል» አለች ምንዳዬ። «እናቴ ስትሞት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከምረቃዋ በኋላ ትስማ አሉ። ጋውን ለብሼ እየሳቅሁ የተነሣሁት ፎቶ አለ፤ ያን ጊዜ እናቴ አፈር ውስጥ ነች። አገሩ ሁሉ አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ ብቻዬን ማልቀስ ጀመርኩ። ያኔ የደበቀችኝን አክስቴን እወዳታለሁ። ስልክ ደውላ ሁሉም ደህና ነው ስትለኝ ግን እስከ ዛሬ አላምናትም።»

ጋሽ መኳንንት ሊሸጡት ያመጡትን በግ ገመድ ያፍተለትሉ ጀመር።

«ብትወድቅስ?» አሉ።

«ልትወድቅ ትችላለች፣ አልዋሽዎትም። ግን ፈተና ለከርሞም አለ። የአባቷ ለቅሶ ለከርሞ የለም።»

በማግስቱ እሑድ ሊነጋጋ ሲል ወጉ እንደሚያዘው ወደ ጌታነሽ ቤት ሄዱ፤ አጎቷ፣ የአባቷ የነፍስ አባት፣ ሌሎች ዘመዶችና ምንዳዬ። እናቷ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስም መጥተው ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ጥቁር ስለለበሱ ልጃቸው እንዳታያቸው ተብለው ከተማ ሳይደርሱ ከርመዋል። አሁንም መርዶው እስኪነገር ደጅ ይቆዩ ተባሉ። ቤት አከራይዋ ከፈተችላቸው። ጌታነሽ ጋቢዋን ተከናንባ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ ቀደመቻቸው።

«አባ፣ አይድከሙ። አውቄዋለሁ።»

አጎቷ «ማን ነገረሽ?» አሉ ደንግጠው።

«ማንም አልነገረኝም። ቤተሰቡ ለታመመበት ሰው እግዜር ይማርልሽ የማይል ማን አለ? አከራይዬ ተወችው፣ ጓደኞቼ ተዉት፣ እርስዎም ተዉት። ስንቅሽ አላለቀም ወይ ብቻ ሆነ ወሬያችሁ። ተሽሎታል አሉኝ፣ ስሙን መጥራት ግን አቃተዎት።»

«ታዲያ ምነው ልጄ ዝም አልሽ?»

«እንዳወቅሁ ካያችሁ ፈተናዋን ልትወድቅ ነው ብላችሁ ልትጨነቁ ነዋ። እስኪያልፍ ልደብቃችሁ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ የመጀመሪያው ዋይታ የወጣው ከጋሽ መኳንንት ነው። እንዳትጠረጥር ብለው ከተማ ውስጥ ፊታቸውን አፍክተው፣ ወንድማቸው ያልሞተ መስለው ሲመላለሱ የከረሙ ሰው «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያሉ ግድግዳውን ተደገፉ። ጌታነሽ ከአልጋዋ ወርዳ አቀፈቻቸውና አብራ አለቀሰች። እናቷ ድምፁን ሲሰሙ ከደጅ ገቡ። ልጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው «እኔስ ካንቺ ተደብቄ ማልቀሱ ነበር የከበደኝ» አሉ። ምንዳዬም በሩ አጠገብ እንደቆመች ዕንባዋን መያዝ አቃታት፤ መያዝም አልፈለገችም።

ጌታነሽ አገሯ ሄዳ ከእናቷ ጋር ለቅሶ ተቀመጠች፤ ያገር ሰው እንደ አዲስ መጥቶ አለቀሰላት። ተማሪዎቹ ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ እናቷ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ አውቶቡሱ ድረስ ሸኟት። የጌታነሽ ዓይን ገና አብጦ ነበር። አቶ ታዲዮስ በሥጋት አዩዋት፣ ከዚያ ምንዳዬን አዩ። ምንዳዬም ከእሳቸው ያላነሰ ሥጋት ነበራት። ጠጋ ብላ «ትችይዋለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አላውቅም ቲቸር» አለች ጌታነሽ። «ብቻ ትናንት እናቴ አጠገብ ተኝቼ እስኪነጋ እንቅልፍ ወሰደኝ።»