ከምጽዋ ያመጣሁት ሀዲድ

ጣሊያን በምጽዋ ባሕር ዳር የሠራቸው የመድፍ ምሽጎች ሲፈርሱ በማፍረሱ ሥራ ከነበሩት የመቀሌ ልጆች አንዱ እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ማንበብ የተማርኩት በሲሚንቶ ከረጢትና በሳጥን ላይ ካለው ጽሑፍ ነው፤ አስተማሪ ቢኖረኝ ኖሮ ያዘገየኝ ነበር። መፍቻም ቢሆን ማንም አላስያዘኝም። ብሎን ሳይ በየት በኩል እንደሚፈታ ይገባኝ ነበር።

ያኔ ጣሊያን ተሸንፏል፤ መድፎቹም ተነሥተዋል። የቀረው ፊቱን ወደ ባሕር ያዞረ ወፍራም ግንብና የመድፍ ጥይት በጋሪ የሚገፋበት ቀጭን ሀዲድ ነበር። አሠሪያችን ሀዲዱን ለሚፈልግ ሠራተኛ ይለቅ ስለነበር ጥሩ ጥሩውን መረጥኩና ወደ መቀሌ በሚመጣ የጭነት መኪና ጫንኩት።

ለምን እንደፈለግሁት ልንገራችሁ። የእናቴ ቤት ህድሞ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ በወራጅ እንጨት ላይ ጭራሮና አፈር የተደለደለበት። አባቴ ከመሞቱ በፊት የሰቀለውን ወራጅ ምስጥ በልቶት ነበር። በዚያ ዘመን በከተማው ዙሪያ ረጅም ጥድ ማግኘት ዘበት ነው፤ የነበረውን የጣሊያን ጦር ቆርጦ አንድዶታል። እኔም በእንጨቱ ፋንታ ሀዲዱን ሰቀልኩት። ይህን ያሰበ ከእኔ በፊት አልነበረም።

ሰው ከቁሓ ድረስ እየመጣ አየው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ግቡ፣ ቀና ብላችሁ እዩ። ወደይ ከባሕር ያመጣው ነው» ትላለች። ልጄ ማለቷ ነው። ከወሎ መጥቶ አጠገባችን በርበሬ የሚነግድ አንድ ሙስሊም ጎረቤት ነበረን። እሱ ብቻ አንገቱን አስገብቶ፣ «አንተ ሰው፣ ጣሪያ ነው የሠራህ ወይስ ባቡር ልታሳልፍብን ነው?» አለኝ።

በሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ አንድ ማለዳ እናቴ ቤቱን ስትጠርግ ደረስኩባት። ከጥራጊው ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቀይ ነገር አየሁ።

«አደይ፣ ይህ ከምን መጣ?» አልኳት እናቴን።

«ከጭቃው ነው።»

«ጭቃ እንዲህ ይቀላል?»

«ሁልጊዜ የምጠርገው ነው። ሥራህ አይረፍድብህም?»

ሁልጊዜ። እኔ ሳልነሣ እየጠረገች ከዐይኔ ስትሸሽገው ከርማለች። መሰላል አቁሜ ሀዲዱን በመዶሻ መታሁት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ ይህ ግን ድምፁ ድፍን አለ። ከላይ የተቀባው ሬንጅ አሳምሮት እንጂ የባሕሩ ጨው ከሥር ገብቶ ዓመታት ሙሉ ሲበላው ኖሯል። ያን በድምፅ ብቻ የሚለይ ሰው በጊዜው መቀሌ ውስጥ አልነበረም፤ ይህን ስናገር አላፍርም።

«አደይ፣ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ውጪ።»

«ወጥቼ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

«ዝናብ ገባብኝ በያቸው።»

«ያን ሁሉ ሰው አስገብቼ አሳይቼ! ልጇ የተሸከመላት ዝገት ነው ሲሉ ልስማ? አልወጣም። መደቤ ላይ እተኛለሁ።»

መደቡ ደግሞ ከሁሉ በከፋው ሀዲድ ሥር ነው። ሀዲዱን በየቦታው ባገኘሁት አጭር እንጨት ደገፍኩት። ዝናቡ ግን አላባራም፤ የጣሪያው አፈር ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፤ እሷ ግን ጋቢዋን ተከናንባ ግድግዳውን ታያለች። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ እህልም አልቀመስኩም። እንዳትወጣ የያዛት ለእኔ ስም መሳሳቷ መሆኑን ሳውቅ የማደርገው ገባኝ።

በገበያው ቀን፣ መንገዱ በሰው ሲሞላ፣ ጣሪያው ላይ ወጣሁና ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «ስሙኝ! ይህ ብረት ውስጡ በሽተኛ ነው። ባሕር በልቶታል። በመዶሻ መትቼ ያወቅሁበት እኔ ነኝ። ዛሬ አወርደዋለሁ!»

ወሎዬው ከታች ቀና አለ። «ያመጣኸውም አንተ፣ በሽታውን ያወቅኸውም አንተ። ለእኛ ምን ተረፈልን?»

«አፈሩን ማውረድ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሳያበቃ እናቴ የመኝታ ቁርበቷን ታቅፋ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ወርደህ እህል ቅመስና ጀምር።»

ወረድኩ። እህል ከቀመስኩ በኋላ ከጎረቤቶቹ ጋር አካፋ ይዘን ከዳር ጀመርን። አፈሩን ገና ሳናጋምስ አንዱ ሀዲድ ማንም ሳይነካው ተሰበረና የጣሪያው ወገብ መደቡ ላይ ወረደ። ሰው አልተነካም። የሚስቅም አልነበረም። ወሎዬው ቁርበቱን ከእናቴ እጅ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይዟት ሄደ፤ ክረምቱንም እዚያው ከሚስቱ ጋር አሳለፈች።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ላያት ገባሁ። እሳቱ ዳር ተቀምጣለች።

«እዚያ ባሕሩ ዳር የቀረ ግንብ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«ጣሪያውን የያዘው ይኸው ብረት ነው?»

«ይኸው ነው። ጣሊያን ከጣሪያው ሲሚንቶ ሥር ሀዲድ ገጥሞበታል።»

«ሰው ይተኛበታል?»

ከምጽዋ ስንወጣ ቤት ያጡ ሠራተኞች ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ሳይፈርሱ የቀሩት ምሽጎች ውስጥ ገብተው ነበር። መድፉ አፉን ያወጣበት ቀዳዳ ላይ ጨርቅ ሰቅለዋል፤ የምድጃቸው ጢስ በዚያ ይወጣል። ስንሰናበታቸው በቀዝቃዛው ጥላ ቀንቼባቸው ነበር። እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋሁት።

«ይተኛበታል» አልኳት።

«ለእነሱ ታዲያ ብረቱን በመዶሻ ማን መትቶ ይሰማላቸዋል?» አለች።