ያስመጣነው መምህር

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ለስብሰባ ጠርቶ ሄድኩ። እናቱ ሥራ ላይ ስለነበረች ነው እንጂ እኔ ስብሰባ አልወድም። የፊዚክስ መምህሩ ከለቀቀ ወዲህ ልጆቹ ባዶ ክፍል ውስጥ ነው የሚውሉት አሉ፤ ወላጁ ሁሉ በየተራ እየተነሳ ጮኸ። አንዷማ ጠረጴዛ መታች። በመጨረሻ ሰብሳቢው “መምህር ይመደብልን ብለን ለቢሮው አቤት እንበል፤ የምትስማሙ እጅ አውጡ” ሲል አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። የኔ እጅ ጉልበቴ ላይ ቀረ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ “አባባ፣ አልሰሙም እንዴ?” አለኝ። መስማቱንስ በደንብ ሰምቻለሁ።

እኔም እዚሁ ሐረር አሥረኛ ክፍል ሳለሁ እንዲሁ ጮኼ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ነው። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወታደር ነበር፤ ቤታችን ከሸዋ በር ትንሽ ወረድ ይላል። የሒሳብ መምህራችን ተዛውሮ ሄደና ምትክ ጠፋ። መምህራኑ ከክፍሎቹ ያነሱ ነበሩ፤ የታሪክ መምህሩ ሁለት ክፍል አንድ ላይ አጭቆ ሲያስተምር ግማሹ ተማሪ መስኮት ላይ ይቀመጣል። ለሒሳብ ግን እሱም አልተገኘ። የሚያስጠናን ቀርቶ የት ወደቃችሁ የሚለን አልነበረም። ከጥምቀት በኋላ አንድ ሰኞ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ክፍል አንገባም ብለን ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ኦቾሎኒ እየፈለፈልን “መምህር! መምህር!” ስንል ዋልን። አቤት ደስ ሲል! በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ጀግና ሆኜ አላውቅም።

ተሳካልን። ብዙም ሳይቆይ መምህር ዘውዴ የሚባሉ ቀጭን ሰው ጫማቸው አቧራ እንደለበሰ ክፍላችን ገቡ። አጨበጨብን። “ተዉ፣ ተቀመጡ” አሉን፤ ፈገግም አላሉ። ማስተማራቸውን ግን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ሲያባንነኝ የኖረው አልጀብራ እሳቸው ሲያስረዱት እንደ ተረት የሚጣፍጥ ሆነ። ከትምህርት ሰዓት በኋላም እየቀሩ ደካሞቹን ያስጠኑ ነበር። ከደካሞቹ አንዱ እኔ ነኝ።

ወተት የሚያመጡልን አዴ ሙሚና የሚባሉ የድሬ ጠያራ ሴት ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ በቅል ተሸክመው ነው የሚመጡት። ልጃቸው ሐሊማ የምትከተላቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ በሌላው ቀን ተማሪ ናት። እዚያ ገጠር ስምንተኛ ክፍል የተከፈተው ገና በዚያ ዓመት ሲሆን፣ ሚኒስትሪ ልትፈተን የምትዘጋጅ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። አዴ ሙሚና ይህን ለእናቴ ሳይነግሩ ወተት ቀድተው አያውቁም። “ወላሂ፣ ሐሊማዬ ነርስ ትሆናለች” ይላሉ። እናቴም “አሜን፣ ያድርግልሽ” ትላለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሐሊማን ቅሉን ይዛ በራችን ላይ ቆማ አገኘኋት።

“ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?” አልኳት።

“መምህር የለማ! የነበረንን አንድ መምህር ወሰዱብን እኮ።”

“ማን ወሰደ?”

“እናንተ ናችኋ!” ብላ ሳቀች። “የከተማ ልጆች ጮኹ፣ መምህር ዘውዴን ስጡ ተባልን። አቦ፣ ንገረኝ እስቲ፣ አሁንም ሲያስረዱ ጠመኔ ይሰብራሉ?”

“ይሰብራሉ” አልኩ። ቁርሴንም ሳልበላ ወጣሁ፤ እናቴ “ምን ነካው ይሄ ልጅ?” ስትል ይሰማኛል።

በቀጥታ ዲሬክተሩ ዘንድ ገባሁና መምህር ዘውዴ ወደነበሩበት ይመለሱ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

“እናንተው አይደላችሁ እንዴ መምህር መምህር ያላችሁት? እኔ መምህር አልወልድ! ያለው አንድ ሰው ነው፤ ወይ ለእናንተ፣ ወይ ለእነሱ። ሂድና ጓደኞችህን አሳምን፣ ነገውኑ እመልሰዋለሁ።”

ላሳምን ወጣሁ። ክፍል ስደርስ መምህር ዘውዴ ሰሌዳው ጋ ቆመዋል። ጥያቄ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። “ጎበዝ!” አሉኝ። በሒሳብ ጎበዝ ተብዬ አላውቅም ነበር። ነገ እናገራለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ።

ኅሊናዬን ላስታግስ ብዬ ይሆናል፣ ጠዋት ጠዋት ሐሊማ ወተት ስትቀዳልን በረንዳችን ላይ በከሰል እየጻፍኩ ሒሳብ አስረዳት ጀመር። እውነቱን ልናገር፣ ከኔ ይልቅ እሷ ትፈጥን ነበር። ምን ዋጋ አለው! መምህር የሌለው ክፍል ለፈተና አይቀርብም ተባለና የነሐሊማ ክፍል ተዘጋ። መማር የሚፈልግ ከተማ ይግባ አሉ። ጥቂት ወንዶች ገቡ። የሐሊማ አባት ግን “ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ ቤት ተከራይታ? አስተግፊሩላህ!” አሉ፤ በዚያው ቀረች። ቅሉም የሷ ሥራ ሆነ።

እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ማትሪክ አለፍኩ። ክረምት ነበር፤ እናቴ ዝናቡ ላይ ወጥታ እልል አለች። በማግስቱ ሐሊማ ሙሉ ቅል ወተትና በሻርፕ የቋጠረችውን ዘይቱን ይዛ፣ እግሯ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣች። እናቴ ልትከፍላት ብትል “ይሄማ የደስታ ነው!” ብላ እምቢ አለች።

ወደኔ ዞራም “እንኳን ደስ አለህ! የመምህራችን ተማሪ አለፈ” አለችኝ። “እኛም ሰፈር የኛ ልጅ አለፈ እያሉ ነው።”

ፊቷን አየሁት፤ አሽሙር ፈለግሁበት። እግዜር ያውቃል፣ የለበትም። ምነው በሰደበችኝ! ተሰድቤ በተገላገልኩ። ወተቱን እናቴ አፍልታ ሰጠችኝ፤ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቅ።

ይህን ስናገር ሰው ሁሉ “ልጅ ነበርክ፤ መምህር መጠየቅ ምን ኃጢአት አለው?” ይለኛል። የለውም። ከማን እንደተወሰዱ ካወቅሁ በኋላ ግን “ጎበዝ” መባሉ ጣፍጦኝ ዝም ማለቴ አለ። እሱን ማንም ሊያነሳልኝ አልቻለም።

ቅዳሜ ዕለትም ተነሳሁና “ለመሆኑ መምህሩን ከየት ነው የሚያመጡት?” ብዬ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው “እሱ የቢሮው ጉዳይ ነው፣ አባባ” አለኝ። ሰዉ ሳቀ። የልጅ ልጄ ዘንድሮ ተፈታኝ ነው። እኔም እጄን አወጣሁ።