መስቀል የነካው የስዊድን ሳህን

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ፌርፋክስ ሰፈር አጠገብ ያለችው አፓርታማዬ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ቡፌዬን ነበር። ደስ አላት። አገር ቤት እንግዳ እንኳ የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ቡፌ አላትና፣ ልጇ ቢያንስ በዚህ በእሷ ወጥታለች። ቀረብ ብላ ስታይ ግን ብርጭቆ የተባለው ሁሉ መጠጫ አልሆነላትም። አንዱ ድብ ነው፤ አንዱ መቅለጥ የጀመረ በረዶ ይመስላል፤ ሌላው ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

«ምን ይቀዳበታል?» አለችኝ።

«ምንም። ኮሌክት ነው የማደርገው፣ እማዬ። ዝም ብሎ ይታያል።»

ከስድሳ ሰባ ዓመት በፊት የስዊድንና የፊንላንድ ባለሙያዎች በአፋቸው እየነፉ እንደሠሯቸው አስረዳኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ለደወለላት ዘመድ ሁሉ ልጄ ደህና ናት፣ ሥራ አላት፣ ብርጭቆ ትሰበስባለች ትላለች። ብርጭቆው ላይ ስትደርስ የበሽታ ስም የምትጠራ ይመስል ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሰው ሲሞት ወይም ሲዛወር የቤት ዕቃው የሚሸጥበት ቦታ በጠዋት ሄጄ እሰለፋለሁ። ቶራንስ ከተማ የሚኖሩትን ሽማግሌ ያወቅኋቸው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ሚስታቸው ሞተውባቸዋል። ቤታቸው አንዲት የፊንላንድ የብርጭቆ ወፍ አለች፤ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ አንገት የሌላት፣ ምሳ በልታ የተኛች የምትመስል። ሦስት ዓመት ለመንኳቸው፣ ሦስት ዓመት እምቢ አሉኝ። ባለፈው ዓመት ግን ፓልምስ ሰፈር ውስጥ አንድ ጎድጓዳ የስዊድን ሳህን አገኘሁ፤ ጠርዙ እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ የሚል፣ በሁለት እጅ ካልሆነ የማይነሳ። ፎቶውን ስልክላቸው ወዲያው ደወሉ። ለሠርጋቸው የተሰጣቸው ሳህን ልክ እንደዚህ እንደነበረና ቤት ሲቀይሩ እንደተሰበረ፣ ሚስታቸውም እስኪሞቱ ድረስ እያነሱ ሲቆጩ እንደኖሩ ነገሩኝ። ወፏን በሳህኑ ልንለዋወጥ ለእሑድ ተቀጣጠርን። ሳምንቱን ሙሉ ቡፌው ላይ ለወፏ ቦታ ሳመቻች ከረምኩ።

ሐሙስ የንስሐ አባታችን ቤት ሊባርኩ መጡና ጸበሉ የሚጸለይበት ንጹሕ ዕቃ ጠየቁ። እኔ ኩሽና ገብቼ የፕላስቲክ ሳህን ሳለቀልቅ፣ እናቴ ለእግዚአብሔርማ ከሁሉ የሚያምረው ነው የሚቀርበው ብላ ቡፌውን ከፈተች። ስመለስ የስዊድኑ ሳህን ውሃ ተሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አባም ጸሎት ጀምረዋል። ጸሎት አይቋረጥ ነገር። አፌ አሜን ይላል፣ ዓይኔ ሳህኑ ላይ ነው። አባ መስቀላቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ሲያወጡ ጠርዙን ገጭ አደረገው። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ከልቤ «አቤቱ ማረን» ብዬ አላውቅም። ከዚያ ቤቱን ረጩ፣ ቡፌውን ረጩ፣ ድቡም አልቀረለትም፣ ረጩት።

እንደሄዱ ጠርዙን በጣቴ ዳሰስኩ። የጤፍ ፍሬ የምታክል ቦታ ተሸርፋለች። የባሰው ግን የእናቴ ነበር። ጸበል የተጸለየበት ዕቃ ሰውዬው ቤት ሄዶ ኦቾሎኒ አይቀመጥበትም አለች። ለአባ ደወልኩ። የተባረከው ውሃው እንደሆነ፣ ሳህኑን አለቅልቄ እጣቢውን ሰው የማይረግጠው ቦታ እንዳፈስ ነገሩኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ አባ ደግ ስለሆኑ ነው አለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን እንዳጣፋች መኪናዬ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፤ ሰውዬውን በዓይኗ ሳታይ ሳህኑን አትሰጥም። እኔም ተናደድኩ። ሦስት ዓመት የለመንኳትን ወፍ በሦስት ቀን ልታሳጣኝ ነው። እስከ ቶራንስ ድረስ እኔ መሪዬን ጨብጬ፣ እሷ ሳህኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ሄድን።

ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ተኩሰው ጠበቁን። ወፏ መደርደሪያው ላይ ናት፤ አጠገቧ ለሳህኑ ቦታ ተለቆለታል። ሳህኑን ከእናቴ እጅ ተቀብለው፣ እንደ ማንኛውም ሰብሳቢ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠርዙን በጣታቸው ዞሩት። የተሸረፈው ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ጥፋትን መስቀል ላይ ማላከክ ደግሞ ነውር ነው። ቢሆንም ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አባን፣ ውሃውን፣ እናቴን፣ ኦቾሎኒውንም ሳይቀር። ልውውጡ ቢቀር እንደማልቀየማቸው ጨመርኩበት። ውሸቴን ነበር።

ሽማግሌው ሳህኑን አላስቀመጡትም። ውሃው ለምን ዓይነት ሰው እንደሚሰጥ ጠየቁኝ፤ ለእናቴ ተረጎምኩላት። እሷ እኔን አታየኝም። ግድግዳው ላይ ያለውን የሚስታቸውን ፎቶ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ወንበር ብቻ የቀረበለትን የምግብ ጠረጴዛ ታያለች።

«ለታመመም፣ ላዘነም ነው በያቸው» አለች። «ሳህኑ የእሳቸው ነው። ውሃውን እኛ እናመጣላቸዋለን።»

እኛ ያለችው እኔን ነው፤ መኪና የምነዳው እኔ ነኝ። ይኸው በወር አንድ እሑድ ጸበሉን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘን ቶራንስ እንወርዳለን። እናቴ ሳህኑ ውስጥ ትቀዳለች፣ ሽማግሌው ጎንበስ ይሉላታል፣ ትረጫቸዋለች። ከዚያ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ይጫወታሉ። ኦቾሎኒ እስካሁን አላገኘችባቸውም፤ በገባች ቁጥር ግን ታያለች።

ወፏ ቡፌዬ ላይ ናት። ባለፈው እህቷ ከአገር ቤት ደውላላት ስለ እኔ ስታወራ ኩሽና ሆኜ ሰማኋት። ልጄ ደህና ናት፣ ሥራ አላት፣ ብርጭቆ ትሰበስባለች አለች። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም።