ሳፋ ያዋሰች አከራይ

በኪራይ ቤት ያረጀች ልብስ ሰፊ ነበረች። አከራዮቿ እንዳይሰሙባት የስፌት መኪናዋን በቀስታ እየረገጠች፣ ዘፈኗንም በሆዷ እያንጎራጎረች ኖራለች።

ኖራ ኖራ ባጠራቀመችው ላይ ከባንክ ተበድራ መንታ ቤት ገዛች፦ አንድ ጣራ፣ ሁለት በር፣ መሀል ላይ ስስ ግድግዳ። በአንዱ ልትኖር፣ ሌላውን ልታከራይ። በሌላው ከቀድሞው ባለቤት ጊዜ ጀምሮ አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

ዕቃዋን ስታወርድ በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«አዲሷ ተከራይ አንቺ ነሽ? እንኳን መጣሽ ልጄ! ቤቱን ማን እንደገዛው እንጃ፤ ኪራዩን የሚቀበለን ደላላው ነው። ብቻ ምክሬን ስሚ፤ ምንም ነገር ተበላሸ እንዳትዪ። ‹ላድሰው ነው፣ ውጪ› ይሉሻል።»

«እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። «እሺ አባባ» ብላ ዘጋችው። አከራይ መባል በልኳ እንዳልተሰፋ ካፖርት ሆነባት።

በማግስቱ ማለዳ ግድግዳው ተንኳኳ፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። እሷም አንኳኳች። ከዚያ ወዲህ ማለዳቸው በዚህ ይከፈት ጀመር።

«ባለቤቱ በሕልሜ መጣ» ይሏታል፤ «ሆዱ ቀድሞት በበሩ ገባ!»

አብራ ትስቃለች። ከዚያ መርፌ እንደወጋው ሰው ሳቋን ቆርጣ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

ክረምቱ ገባ። ከግድግዳው ማዶ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር፤ ከጠብታው ጋር የሽማግሌው ሳል፣ ከሳሉ ጋር ዜማቸው፦

ዝናቤ ቀስ ብለህ ጣል ሰው አለ ከታች፣
ግድግዳ ቢለየን ጎረቤቴ አለች።

«አባባ፣ ያፈስብዎታል እንዴ?»

«ዝም በይ፣ ደላላው እንዳይሰማ! አልጋዬን ወደ ጥግ ገፋ አደርገዋለሁ።»

ጣራው የራሷ ነው። ጣራ የሚጠግን ሰው ብትጠራ ግን ማንነቷ ይታወቃል። ሳፋ አዋሰቻቸው።

«ተባረኪ! እንዳንቺ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል?»

ምርቃቱ እጇን አሰረው። ያን ቀን አንድ ቀሚስ ስትሰፋ ስትፈታ ዋለች።

አንድ ማለዳ ግድግዳው ሳይንኳኳ ቀረ። ሮጣ ገባች። ሳፋው ሞልቶ ፈሷል፣ ፍራሹ ርሷል፣ ሽማግሌው በትኩሳት ይንቀጠቀጣሉ። ደግፋ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው።

«ብርዱ ሳንባቸው ገብቷል» አለ ሐኪሙ። «ልጃቸው ነሽ?»

«አከራያቸው ነኝ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት፤ ደግሞ ጨፈኑ።

ተሽሏቸው ሲመለሱ ጣራው ተጠግኖ፣ ፍራሹ ተቀይሮ ጠበቃቸው። ቀና ብለው አዩት። «ጥሩ ተሠርቷል» አሉ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ፈርቼ ነው።»

«ማንን?»

«አከራይ መሆንን።»

«እኔም እኮ ዝም ያልኩት አከራይ ፈርቼ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ ሳፋው ታጥቦ ደጃፏ ላይ ተደፍቶ አገኘችው። አሁን ሲዘንብ ከማዶ የሚጠባጠብ ነገር የለም፤ ዜማውም የለም። ማለዳ ማለዳ ግን ግድግዳውን ታንኳኳለች፤ ጆሮዋንም ትለጥፋለች። አልጋው ሲጥ ሲል ትሰማለች። ነቅተዋል።