የካርታ ጣይዋ ፍርድ በሰው ትከሻ ላይ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ፈረንሳይ በየት በኩል ናት ብትባል በእጇ አራቱንም ማዕዘን ትጠቁማለች። የድሮዎቹን የፈረንሳይ ጠንቋዮች ግን ከጎረቤቶቿ አስበልጣ ታውቃቸዋለች። እውነተኛ ጠንቋይ ቤቷ ቢመጣ በመጥረጊያ ታባርረዋለች፤ በልብ ወለድ ሲመጣላት ግን ልቧ ቅቤ ይጠጣል።

ባለፈው ወር አንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አዋስኳት። በመጫወቻ ካርታ ለመኳንንቱ ዕድላቸውን የምትናገር የአንዲት የፓሪስ ሴት ታሪክ ነው። ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲሰማ «እኔም ላንብበው» ብሎ ነዘነዛት። ተራ መጠበቅ ለሁለቱም አልሆነላቸውም። አክስቴ የጨርቅ መቀሷን አነሳችና መጽሐፉን ከወገቡ ለሁለት ከፈለችው። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

የኋለኛው ግማሽ ለእሱ ደረሰው። «ግድ የለም፤ እኔ ፀጉርም የምጀምረው ከኋላ ነው» አለ።

በሳምንቱ አክስቴ የራሷን ግማሽ ጨረሰች። ካርታ ጣይዋ ንግሥቲቱን አስቀይማ፣ በጥንቆላ ተከሳ፣ ችሎት ቆማለች። እንጨቱ ተከምሯል። ዳኛው ለፍርድ አፉን ከፈተ፤ ገጹም አለቀ።

አክስቴ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወደ ፀጉር ቤቱ በረረች። እኔም ተከተልኳት።

«ግማሽህን አምጣ! ልጅቷን ሊያቃጥሏት ነው!»

ፀጉር አስተካካዩ የአንድ ደንበኛ ጺም እየላጨ ነበር። የምላጩን አረፋ ደንበኛው ትከሻ ላይ ባነጠፈው ወረቀት ጠረገና እኛን ሲያይ ደነገጠ። ወረቀቱ የመጽሐፉ ቅጠል ነበር።

«እትዬ፣ ግማሽሽን ቶሎ የምትጨርሺ አልመሰለኝም እኮ! ጋዜጣ አለቀብኝ…»

«የአንተ ነገር! ስንት ገጽ ቀረ?»

«ይቺ ብቻ። የቀደድኩት ከኋላ ጀምሬ ነው፤ የቀረችው የግማሼ የመጀመሪያዋ ገጽ ናት። ከፈለግሽ እኔ ልንገርሽ፣ ልጅቷ…»

«ትንፍሽ ትልና!» አክስቴ ወደ ደንበኛው ዞረች። «ወንድሜ፣ እንዳትነቃነቅ።»

«ጉንጬስ?» አለ ሰውዬው። ግማሽ ፊቱ ገና አረፋ ነው።

«ጉንጭህ የትም አይሄድም!»

አረፋውን በጣቷ ቀስ ብላ እየገፋች ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። ዳኛው ፍርዱን ሊያሰማ ተነሳ፤ መለስ አለና ወደ ተከሳሿ ጠጋ ብሎ፣ «ለመሆኑ ልጄን የሚያገባት መቼ ነው የሚመጣው?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቃት።

«ይህ ከባድ ጥያቄ ነው ክቡርነትዎ» አለች ካርታ ጣይዋ። «ሰባት ዓመት ካርታ ያስጥላል።»

ዳኛው ጉዳዩን ለሰባት ዓመት ቀጠረው።

«እሰይ! እሰይ የኔ እናት!» አክስቴ የሰውዬውን ትከሻ በደስታ ደበደበችው።

ሰውዬው ግን ፊቱን አኮሳተረ። «ቆይ፣ ንግሥቲቱን ምን ብላት ነው የተከሰሰችው?»

አክስቴ ሮጣ የፊተኛውን ግማሽ አመጣችለት። በር ላይ ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ይለምናል፦

«ጋሼ፣ ሌላውን ጉንጭ እንኳ ልጨርስልዎ።»

«አንተ ደግሞ ታገስ እንጂ!» አለ ሰውዬው ገጽ እየገለጠ። «ገና ቤተ መንግሥት መግባቷ ነው።»